ከርችቱ በታች የሮጠ ሰው

አኬሎ ካሜራዋን በሦስት እግር መቆሚያው ላይ አጥብቃ አስራ፣ የፎቶ ማንሻውን ገመድ በቀኝ እጇ ይዛ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ጀርባዋን ለመድረኩ፣ ፊቷን ለሕዝቡ ሰጥታለች። ከአዲስ አበባ የመጣው ዘፋኝ የማሳረጊያውን ዘፈን ጀምሯል። እሱ ሲያበቃ የሜዳው መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ከመድረኩ ኋላ ርችት ይተኮሳል። ጋምቤላ ከተማ ኳስ ሜዳ ላይ ከተሰበሰበው ሦስት ሺህ የሚሆን ሰው መካከል ይህን የሚያውቀው በጣት የሚቆጠር ነው። አኬሎ ከሚያውቁት አንዷ ናት።

አባቷ ኦሞድ አያውቅም። ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ፣ እሷ ራሷ መርጣ ባስቀመጠችው የፕላስቲክ ወንበር፣ እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አንገቱን በዘፈኑ ልክ ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል። አኬሎ በካሜራዋ መስኮት አጮልቃ አየችውና ደስ አላት። ሌንሱን አስቀድማ እሱ ላይ አነጣጥራዋለች፤ የቀራት መጠበቅ ብቻ ነው።

አኬሎ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በሥራ ቀን የነጅሚያ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ የወባ መድኃኒት እንዴት እንደሚዋጥ ስታስረዳ ትውላለች። ቅዳሜና እሑድ ግን ሌላ ሰው ናት። ሜዳ ላይ ዘፈን ካለ፣ የመዘምራን ጉባኤ ካለ፣ ካሜራዋን አንግታ ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። አንድ ጊዜ ለኮንሰርት ብላ ፑኝዶ ድረስ በጭነት መኪና ሄዳ፣ ስትመለስ ጭቃ ይዟቸው መንገድ ላይ አድራለች። የላካት የለም፤ የሚከፍላትም የለም። ነጅሚያ ይህን ነገር ምን ብላ እንደምትጠራው ግራ ስለገባት "የአኬሎ በሽታ" ትለዋለች። አኬሎም ስሙን ተቀብላዋለች።

ርችት ግን በሕይወቷ ያየችው አንዴ ብቻ ነው፤ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ሳለች፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ያን ምሽት ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሣ የእሷ ዓይን የተተከለው በሰዎቹ ፊት ላይ ነበር። ከአጠገቧ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ፊታቸው አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ እየሆነ፣ አፋቸውን እንደ ሕፃን ከፍተው፣ ዕድሜያቸው ከላያቸው ላይ ተገፎ ወድቋል። የስልኳ ባትሪ አልቆ ነበርና ያ ፊት አመለጣት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ያነሡትን የርችት ፎቶ በቴሌግራም ስታገላብጥ ሰማዩ አይጥማትም፤ ከሥሩ የቆመው ሰው ይናፍቃታል።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት አሸብር ፋርማሲው ድረስ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያንሾካሹክላት ልቧ ዘለለ። አሸብር ከመሃል አገር የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጋምቤላ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን መያዙ ነው። ከወጣቶች ጋር ሆኖ የጳጉሜውን ኮንሰርት የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። ርችት ማስመጣቱን፣ ፈቃዱንም ማውጣቱን ነገራትና ለማንም እንዳትናገር ለመናት። ለእሷ የነገራት ካሜራዋን እንድታሰናዳ ብሎ ነው።

አኬሎን አንድ ነገር ከነከናት።

"ሰው አይደነግጥም?" አለችው።

"እንዲደነግጥ እኮ ነው፤" አለና ሳቀ። "ሰርፕራይዝ ማለት ምን ሆነና።"

እዚያ ላይ ልታስቆመው ይገባት ነበር። አሸብር እንግዳ ነው፤ አያውቅም ይባልለታል። እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ ይህ ከተማ ከጨለማ ውስጥ ጓ የሚል ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አሳምራ ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን ያ ያመለጣት ፊት ትዝ አላት። ቀጥላ ደግሞ የአባቷን ፊት አሰበች። ኦሞድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከግቢው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ምሽት ከዚያ ግቢ አውጥታ፣ ዓለምን እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ እንዲያያት ብታደርገውስ? ሦስት ቀን ሙሉ ለመነችው። በአኝዋክ ቋንቋ የሚዘምሩ ልጆች አሉ ብላ አባበለችው። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሸሚዙን ጠየቃት። ስለ ርችቱ ግን አልነገረችውም፤ ከነገረችው ያ ፊት አይመጣም።

ዘፈኑ አለቀ። መብራቱ ድርግም አለ። አኬሎ ማንሻውን ተጫነች።

የመጀመሪያው ርችት ከጀርባዋ ጓ ብሎ ፈነዳ። ሜዳው አረንጓዴ ሆነ፤ አኬሎም በካሜራዋ መስኮት ፊት ፈለገች። ፊት የለም። ለአፍታ ካሜራው የተበላሸ መሰላት፤ ቀና ብላ በዓይኗ አየች። አሁንም ፊት የለም። ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ትንፋሽ ምድር ላይ ተነጥፏል። ባዶ ወንበሮች ብቻ እዚህም እዚያም ቆመዋል።

ክው አለች። ከሁሉም በላይ ያስደነገጣት ዝምታው ነበር። አንድ ሰው አልጮኸም። አንድ ሕፃን አላለቀሰም። እናቶች ልጆቻቸውን ከሆዳቸው ሥር አድርገው፣ ጎረምሶቹ ብርሃኑ እንዳይታይ ስልካቸውን በደረታቸው ተጭነው፣ ሁሉም ጉንጩን ከሣሩ አጣብቆ ተኝቷል። በዚህ ከተማ ተኩስ ሲሰማ አይሮጥም፤ የሮጠ ይመታል። ይተኛል፣ መብራት ይጠፋል፣ ትንፋሽ ይያዛል። ልጆች ይህን የሚማሩት ከፊደል በፊት ነው። አኬሎም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ጓሮ አስተኝታ አስተምራታለች።

ከዚያ ሁሉ ሰው ቆመው የቀሩት ሦስት ናቸው፤ መድረኩ ላይ አፉን የከፈተው ዘፋኝ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ የያዘው አሸብር፣ እና እሷ። እጇ ግን አላረፈም። ርችቱ በፈነዳ ቁጥር አውራ ጣቷ ማንሻውን ይጫናል። ካሜራው ለሦስት ለሦስት ሰከንድ ዓይኑን እየገለጠ ይዘጋል። እጄ የማን ነው ብላ እስክትጠይቅ ድረስ ብዙ ፎቶ አነሣች።

በዚህ መካከል ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ሰው ተነሣ።

ነጭ ሸሚዝ ነው። ተነሣና ሮጠ። የተኛውን ሰው እየዘለለ፣ ወንበር እየገለበጠ፣ ወደ ጩኸቱ፣ ወደ መድረኩ፣ ወደ እሷ ሮጠ። አኬሎ አባቷ ሲሮጥ አይታ አታውቅም። ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው ነው፤ ሲራመድ እንኳ ቀኝ ጉልበቱን ይጎትታል። አፉ ተከፍቷል፤ የሚለው ግን አይሰማም። ለምን እንደሚሮጥ እስኪደርስባት ድረስ አልገባትም። ደረሰና ከነካሜራዋ ጠልፎ መሬት ላይ ጣላት፤ ከላይዋም ተኛባት።

"ተኚ፣ ልጄ፣ ተኚ፤" ይላል በራሳቸው ቋንቋ።

የተለኮሰ ርችት መሀል ላይ አይቆምም፤ አራት ደቂቃ ያህል ፈነዳ። አራቱንም ደቂቃ አባቷ በአካሉ ሸፍኗት፣ በእጁ ራሷን ወደ ሣሩ ተጭኖ፣ ጓ ባለ ቁጥር እየተሸማቀቀ ከላይዋ ላይ አልተነሣም። አኬሎ ከደረቱ ሥር ሆና "አባባ፣ ርችት ነው" ትላለች፤ አይሰማትም። ልቡ ጀርባዋን ይደበድባል። በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ኋላ መብራቱ መጣ። አሸብር ማይክራፎኑን ነጥቆ፣ እየተንተባተበ፣ ርችት መሆኑን፣ የአዲስ ዓመት ደስታ መሆኑን ተናገረ። ሰው ቀስ እያለ ተነሣ። የሳቀ የለም፤ ያጨበጨበ የለም፤ የተሳደበም የለም። ሁሉም ልጁን ፈልጎ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ላይ የቀረው ነጠላ ጫማና የተገለበጠ ወንበር ብቻ ሆነ። ኦሞድ ተቀምጦ ግራ እጁን በቀኙ ደግፏል። የእጁ አንጓ ወዳልሆነ አቅጣጫ ታጥፏል።

ሆስፒታል ውስጥ ከእነሱ ሌላ ስምንት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ስትወድቅ ምላሷን ነክሳለች፤ አንዱን የአጥር ሽቦ ጭኑን ሸርክቶታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ምንም ሳይሆኑ መንቀጥቀጣቸው አልተዋቸውም። የሞተ የለም። መቅደላዊት የምትባል ነርስ የኦሞድን ክንድ በጄሶ እየጠቀለለች እንዴት እንደ ወደቀ ጠየቀችው።

የኦሞድ አማርኛ አጭር አጭር ነው።

"አልወደቅኩም፤" አላት። "ሁሉ ሰው ተኛ። እኔም ተኛሁ። ቀና ስል ልጄ ቆማለች። ደንግጣ ደርቃ ቀርታለች። ሄድኩ፣ ጣልኳት።"

"ጥይት ነው ብለው አልነበር? አልፈሩም?"

"ፈራሁ፤" አለ ኦሞድ። ትንሽ አሰበ። "ግን ተነሣሁ።"

አኬሎ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አባቷ "ተነሣሁ" ሲል ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ዘጠኝ ዓመት ያላየችው ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከተማው ውስጥ ድንገት ተኩስ በተነሣ ቀን፣ ኦሞድና ታናሽ ወንድሟ ኦቹዶ ከባሮ ወንዝ ታጥበው ሲመለሱ መንገድ ላይ ነበሩ። ሁለቱም እንደ ተማሩት ቦይ ውስጥ ተኙ። ኦቹዶ ከአባቱ አሥር እርምጃ ርቆ ነበር የተኛው፤ ጥይት እዚያው ተኝቶ ሳለ አገኘው። አባቱን ሁለት ጊዜ ጠራ። ኦሞድ አልተነሣም። ተኩሱ እስኪያቆም ፊቱን ጭቃ ውስጥ እንደ ደፋ ቆየ፤ ሲነሣ ልጁ አልቋል። የወቀሰው ሰው አልነበረም። ቢነሣ ኖሮ ሁለት ሬሳ ይሆን ነበር ብለው ሁሉም አጽናኑት። ሚስቱ አጁሉ እንኳ አንዲት ክፉ ቃል አልተነፈሰችም። የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ ብቻ በቆሎ ልዝራ ብላ አቦቦ ወደ ወላጆቿ መሬት ሄደች፤ ከዚያ አልተመለሰችም። አልተጣሉም፣ አልተፋቱም። በቆሎና ማንጎ ትልካለች፣ በስልክ ደህንነቱን ትጠይቃለች። ኦሞድ ግን ያን ቀን ከቦይ የተነሣ አይመስልም ነበር።

አኬሎ ነርሷ ፊት አፏን ከፈተች። አልደነገጥኩም፣ ርችት መሆኑን አውቅ ነበር ልትል ነው። አባቷ ጄሶውን እንደ አዲስ ልብስ አገላብጦ ሲያየው ስታይ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ጠዋት ማንም ሳይነሣ ካሜራዋን ከፈተች። ሌንሱ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ፎቶዎቹ ግን ምንም አልሆኑም። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ማገላበጧን አቆመች። ካሜራው ዓይኑን ገልጦ በቆየባቸው ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ሦስት ርችት ተከታትሎ ፈንድቷልና፣ ብርሃኑ ቦግ ባለ ቁጥር ኦሞድን አንድ አንድ ጊዜ ቀርጾታል። በአንድ ፎቶ ላይ አባቷ ሦስት ቦታ አለ። መጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ከመሬት ሲነሣ፤ ቀጥሎ ቀይ ሆኖ አንዲት የተኛች ሴት ሲዘል፤ በመጨረሻ ነጭ ሆኖ፣ ቅርብ፣ እጁን ዘርግቶ። ዙሪያውን እስከ ሜዳው ዳር ድረስ ሕዝቡ ተኝቷል። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥታ አታውቅም። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ "እንዴት ያምራል" የሚል ነበር። ይህን ማሰቧ ገና ሲገባት ከራሷ ሸሸች፤ ካሜራውን አጥፍታ አልጋ ሥር ገፋችው።

ከረፋዱ ጀምሮ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ ጎረቤት መጣ፣ ነጅሚያም ፋርማሲውን ዘግታ ብርቱካን ይዛ መጣች። ኦሞድ ለሁሉም ይነግራል። በነገረ ቁጥር የሜዳው ርቀት ትንሽ ትንሽ ይረዝማል፤ የዘለላቸው ሰዎች ቁጥርም ይጨምራል። ርችት መሆኑን አሁን ማንም ያውቃል፤ ቢሆንም የሳቀበት የለም፤ እነሱም ተኝተው ነበርና። ነጅሚያ ስትወጣ አኬሎን በር ላይ ይዛ፣ ይህን አውቆ ዝም ያለ ሰው ኅሊና የሌለው ነው አለቻት። አኬሎ አንገቷን ነቀነቀች። ነጅሚያ ትከሻዋን አሻሸቻትና አንድ ሳምንት እንድታርፍ ነግራት ሄደች።

ወደ ቀትር አጁሉ ከአቦቦ በሚኒባስ ደረሰች። ወሬው ሌሊቱን በስልክ ደርሷት ኖሮ ገና ሳይነጋ ነው የተነሣችው። ዕቃዋን በር ላይ አስቀምጣ ባሏ ፊት ለፊት ቆመች። እሱም እሷን ሲያይ ለሌሎቹ እንዳደረገው አልተረከላትም። በኋላ እሷው ጠየቀችው፤ በጥቂት ቃል ነገራት።

"ከተኛህበት ተነሣህ?" አለችው።

"ተነሣሁ።"

አጁሉ ጫማዋን አወለቀች። አልጋው ላይ ከጎኑ ተቀምጣ የተሰበረ እጁን በሁለት እጇ አነሣችና ትራስ ላይ አመቻችታ አሳረፈችው። ከዚያም እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ፣ ጄሶው እስኪፈታ አልሄድም አለች። ኦሞድ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ዓይኑን ብዙ ጊዜ አርገበገበ። አኬሎ በር ላይ ቆማ ይህን አየች። ዓይኗን ማመን አቃታት። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያየችው ኦቹዶ በሕይወት ሳለ ነበር። ይህ ሁሉ የቆመው ግን እሷ ደንግጣ ነበር በሚለው ነገር ላይ ነው።

ከሰዓት አሸብር ደወለ። ድምፁ ተሰባብሯል፤ እንቅልፍ እንዳልተኛ ነገራት። አቶ ኦሞድን ሊጠይቅና ይቅርታ ሊል እየመጣ ነው። ቀጠለና፣ "የአንቺን ስም አላነሣሁም፤" አላት። "ከእኔና ከለኮሰው ሰው በቀር ማንም አያውቅም ነበር ብያለሁ። አንቺ እዚህ ነው የምትኖሪው። አታስቢ።" አኬሎ ሳታመሰግነው ስልኩን ዘጋች። ሐሰቷን ሊደግፍላት ሰው ሁሉ ተሰልፏል፤ እሷ ዝም ከማለት በቀር የምታደርገው ምንም የለም።

አሸብር አሥር ሰዓት ገደማ ገባ። ሁለት ደርዘን ለስላሳ አሸክሞ መጥቷል። አልጋው ፊት ጎንበስ ብሎ ቆመና መምህር መሆኑን ረስቶ እንደ ተቀጪ ተማሪ ተናገረ።

"አቶ ኦሞድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አላወቅሁም። የከተማውን ሰው ልጠይቅ ይገባኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፤" አለው ኦሞድ። "አንተ እንግዳ ነህ። ጠጣ።"

ለእሱም ሊነግረው ጀመረ። ቤት ውስጥ አሸብርና ቤተሰቡ ብቻ ነበሩ፤ የመስኮቱ መጋረጃ ተከፍቶ የከሰዓት ሙቀት ይገባል። ኦሞድ አማርኛውን እየፈለገ፣ ዘፈኑን፣ መብራቱ መጥፋቱን፣ ሣሩ እርጥብ እንደ ነበር ሁሉ ነገረው። አጁሉ ጎኑ ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ እጇ አሁንም ትከሻው ላይ ነው። ቀና ሲል ልጁ ቆማ ከታየችበት ቦታ ሲደርስ ቆም አለና ዘወር ብሎ አኬሎን አያት። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር።

"እስቲ አንቺ ንገሪው፤" አላት። "ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው? ሰውነትሽ አልታዘዝ አለሽ?"

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አሸብር ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ አላነሣም። አዎ ማለት ይበቃል። አንገት መነቅነቅ ይበቃል። አኬሎ የእናቷን እጅ አየች። ከዛሬ በኋላ አባቷ ይህን ለስንት ሰው እንደሚነግር አሰበች፤ በነገረ ቁጥርም ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ ይላል፤ እሷም በሄደበት ሁሉ አንገቷን ትነቀንቃለች።

"አልደነገጥኩም፣ አባባ፤" አለች። "ርችት መሆኑን አውቅ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ።"

አሸብር ብድግ አለ። "ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም፤" አለ ፈጠን ብሎ። "እሷ ምንም አታውቅም፤ ያቀድኩት እኔ ነኝ።"

"ተቀመጥ፣ አሸብር፤" አለችው። ወደ አባቷ ዞራ በራሳቸው ቋንቋ ቀጠለች። "እሱ ነግሮኛል። ሰው ይደነግጣል ብዬ አስቤያለሁ፤ አስቤ ዝም አልኩ። ፊትህን ላነሣ ፈልጌ ነበር። ከነገርኩህ ፊትህ ሌላ ይሆናል ብዬ ደበቅኩህ። ወንበሩንም የመረጥኩልህ እኔ ነኝ። የቆምኩት ፎቶ እያነሣሁ ነው።"

የኦሞድ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሰማውን ያላመነ ይመስል ጥቂት ፊቱ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከሰመ። ልጁን ተመለከተ። ጄሶውን ተመለከተ። ጣቶቹን አንድ አንድ እያለ አንቀሳቀሳቸው፤ የእሱ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ይመስል።

"እኔ አላወቅሁም፤" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ቀጭን ነበር።

አጁሉ እጇን አላነሣችም። ልጇን አላየቻትም፤ የምታየው ባሏን ነው።

"አላወቅህም፤" አለችው። "ሳታውቅ ነው የሮጥከው።"

ኦሞድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ ይሁን ተናዶ አኬሎ መለየት አልቻለችም። አሸብር ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። አኬሎም ተከትላው ልትወጣ ተነሥታ በሩ ድረስ ሄዳ ነበር። እዚያ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መጣችና፣ እናትና አባቷ ዞር ባሉ ጊዜ ፊቷን ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።